ለትርፍ ጊዜ ዲጂታል ሥዕል የቱ መሣሪያ ይሻላል? ከስክሪኑ በፊት ብዕሩን መመርመር

ዲጂታል ሥዕልን በትርፍ ጊዜው ሊሞክር የፈለገ ሰው ገበያ ሲወጣ የሚቸገረው ዕቃ አጥቶ ሳይሆን ዕቃዎቹ ተመሳስለውበት ነው። «የሥዕል ታብሌት» በሚለው አንድ ስም ስክሪን የሌለው ጥቁር ሰሌዳ ይሸጣል፤ ስክሪን ኖሮት ያለ ኮምፒውተር የማይሠራም ይሸጣል፤ ራሱን ችሎ የሚሠራም ይሸጣል። ከእነዚህ ጎን ደግሞ «ብዕር አለው» እየተባለ የሚቀርብ፣ ብዕሩ ግን ከጣት የማይሻል ርካሽ ታብሌት አለ። ዋጋው ከጥቂት አሥር ዶላሮች ተነሥቶ ከሺህ ዶላር በላይ ስለሚዘልቅ፣ ሳይመዝን የሚገዛ ሰው ለማይጠቀምበት ነገር ብዙ ሊከፍል፣ ወይም ጥቂት ለመቆጠብ ብሎ የማያስል ዕቃ ይዞ ሊገባ ይችላል።

የዚህ ጽሑፍ አቋም ከወዲሁ ቢነገር ይሻላል። አብዛኛው ገዢ መጀመሪያ የሚያየው የስክሪኑን ስፋትና ድምቀት ነው፤ ብዕሩን ሻጩ እንደሚጨምርለት ምርቃት ይቆጥረዋል። ለሥዕል ግን ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። እዚህ የሚነጻጸሩት አማራጮች ለሙያተኛ ሳይሆን ከሥራ ወይም ከትምህርት በኋላ ለሚስል ሰው ታስበው የተመረጡ ናቸው፤ የኩባንያ ስም የሚነሣውም ገዢው በገበያ ላይ የሚያገኘውን ዕቃ ለይቶ እንዲያውቅ ያህል ብቻ ነው።

## መመዘኛዎቹ

የብዕሩ ዓይነት። ግፊት የሚያነብ ብዕር ሲጫኑት መስመሩ ይወፍራል ወይም ይደምቃል፣ ሲያቀሉት ይሳሳል፤ እጅ በእርሳስ የለመደውን ሁሉ ይቀበላል። ግፊት የማያነብ ብዕር ግን ለስክሪኑ ጣት ማለት ነው፤ ምንም ያህል ቢጫኑት ወይም ቢያቀሉት አንድ ዓይነት ውፍረት ያለው መስመር ያወጣል። ሻጮች በማሸጊያው ላይ የሚያጎሉት 2048፣ 4096 ወይም 8192 የሚል ቁጥር ብዕሩ ግፊትን በስንት ደረጃ እንደሚከፋፍል ይናገራል፤ ነገር ግን የሰው እጅ በ4096 እና በ8192 መካከል ያለውን ልዩነት ሲስል አይለይም። እጅ የሚለየው፣ መስመር ለማስጀመር ብዕሩ የሚጠይቀው ዝቅተኛ ግፊት ምን ያህል እንደሆነ ነው። ጥሩ ብዕር ገና ሲነካ መስመር ይጀምራል፤ ደካማው ካልተጫኑት አይነቃም፣ ስለዚህ ቀለል ያሉ ጥላዎችን መሥራት ያስቸግራል፣ እጅንም ያደክማል። ይህ ግን በማሸጊያ ላይ ብዙ ጊዜ የማይጻፍ በመሆኑ በእጅ ሞክሮ ማየት ይሻላል።

የብዕሩ የኃይል ምንጭም ሊታይ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1983 የተመሠረተው የጃፓኑ ዋኮም ያስፋፋው ዘዴ ሰሌዳው ራሱ በሚፈጥረው የኤሌክትሮማግኔት መስክ ብዕሩን ስለሚመግብ ባትሪ አያስፈልገውም። የሳምሰንግ ኤስ ፔን የሚስለው በዚሁ ዘዴ ነው፤ የሁዮንና የኤክስፒ ፔን ኩባንያዎች አዳዲስ ሰሌዳዎችም ብዕራቸው ቻርጅ አይፈልግም። የአፕል ብዕር ግን በውስጡ ባትሪ አለው፤ የባትሪው ጣጣ ወደ ኋላ ይነሣል።

ዓይንና እጅ የሚያርፉበት ቦታ። ስክሪን በሌለው ሰሌዳ ላይ እጅ ጠረጴዛው ላይ ሲንቀሳቀስ ዓይን ኮምፒውተሩን ያያል። ይህ መጀመሪያ ላይ ግራ ያጋባል፤ ለአንዳንዱ ሰው በጥቂት ቀናት፣ ለሌላው በሳምንታት ይለመዳል። ማውስ የለመደ ሰው ግን እጁ ከዓይኑ ተለይቶ መሥራትን ሳያውቀው ተምሮታልና ጉዳዩ የሚባለውን ያህል አያስፈራም።

ከመቀመጥ እስከ መጀመሪያው መስመር ያለው ጣጣ። በትርፍ ጊዜ የሚስል ሰው የሚያገኘው ማታ አንድ ሰዓት ቢሆን ነው። ከዚያች ሰዓት ላይ ሩቧ ገመድ በመሰካት፣ ኮምፒውተር በማስነሣትና ጠረጴዛ በማጽዳት ካለቀች መሣሪያው ቀስ በቀስ ወደ ቁም ሣጥን ይገባል። ይህን መመዘኛ ብዙ ንጽጽሮች አይጠቅሱትም፤ በእኔ ግምት ግን ከብዕሩ ቀጥሎ ትልቁ ነው።

መብራት። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር የሚኖር ሰው መሣሪያው ያለ ሶኬት ምን ያህል እንደሚቆይ መጠየቅ አለበት። ራሱን የቻለ ታብሌት በባትሪው ይቀጥላል። ስክሪን የሌለው ሰሌዳ ከላፕቶፑ በዩኤስቢ የሚወስደው ኃይል እጅግ ጥቂት ስለሆነ ላፕቶፑ እስካለ ድረስ ይሠራል። ባለ ስክሪኑ ሰሌዳ ግን ብዙ ጊዜ የራሱን ሶኬት ወይም ሁለተኛ ዩኤስቢ ይፈልጋል።

ሶፍትዌሩና አከፋፈሉ። መሣሪያው የሚያስገባቸው ፕሮግራሞች ነጻ ናቸው? አንዴ ተከፍሎባቸው ያበቃል? ወይስ በየወሩ ያስከፍላሉ? በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ለሌለው ሰው ይህ ጥያቄ ከዋጋው መጠን ይቀድማል፤ ዋጋው አነስተኛ ሆኖም የሚከፈልበት መንገድ ላይኖር ይችላልና።

የሥራው ስፋት። ለስልክና ለማኅበራዊ ሚዲያ ብቻ የሚሠራ ሥዕል ቀላል ነው። በወረቀት ለሚታተም ግን ስሌቱ ይለወጣል። አንድ ኤ4 ወረቀት በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ሲታተም 2480 በ3508 ፒክስል ይፈልጋል፤ ለእያንዳንዱ ፒክስል 4 ባይት ሲታሰብ አንድ ሌየር (ሥዕሉ ተለያይቶ ከሚሠራባቸው፣ እንደ ግልጽ ወረቀት ከተደራረቡ ንብርብሮች አንዱ) ወደ 35 ሜጋባይት ማስታወሻ ይይዛል፣ 20 ሌየር ደግሞ ወደ 700 ሜጋባይት። ኤ3 ከሆነ ሁሉም በእጥፍ ይጨምራል። 4 ጂቢ ራም ያለው ታብሌት ከዚህ ላይ የራሱን ሥርዓት መሸከም ስላለበት በኤ3 ላይ ቶሎ ይንገዳገዳል፤ የአይፓዱን ፕሮክሪኤት የመሰሉ የሥዕል ፕሮግራሞችም ሸራው በሰፋ ቁጥር የሚፈቅዱትን የሌየር ብዛት ይቀንሳሉ።

መለዋወጫ። የብዕር ጫፍ እየተፋቀ ያልቃል፤ ትርፍ ጫፍ ከዕቃው ጋር መኖሩን ማየት ይበቃል።

## አማራጮቹ በየመመዘኛው

### በእጅ ያለ ስልክና ጣት

ምንም ሳይገዙ የሚጀመረው እዚህ ነው፤ እንደ መናኛ አማራጭ መታየትም የለበትም። እንግሊዛዊው ሠዓሊ ዴቪድ ሆክኒ እ.ኤ.አ. በ2009 በአይፎን፣ በ2010 ደግሞ በአይፓድ መሳል የጀመረው የአፕል ብዕር ገበያ ላይ ከመዋሉ ከዓመታት በፊት ነው። ጣት ቀለም ለማንጠፍ፣ የብርሃንና የጥላ ትልልቅ ክፍሎችን ለመለየት፣ የሌየርን አሠራር ለመልመድ ይበቃል። የማይበቃው ለቀጭን መስመርና ለዝርዝር ነው፤ ጣት ራሱ የሚሳለውን ቦታ ይሸፍናል፣ ግፊትም አይነበብም። አይቢስ ፔይንት የሚባለው ፕሮግራም በአንድሮይድም በአይፎንም በነጻ ይገኛል፤ ማስታወቂያ ያሳያል፣ አንዳንድ ብሩሾችንም ማስታወቂያ ላየ ሰው ብቻ ይከፍታል፤ ሆኖም ሌየር፣ መስመር ማረጋጊያና የሥዕሉን ሂደት በቪዲዮ የመቅዳት አገልግሎት አለው።

በየመንገዱ የሚሸጠው ጫፉ ላስቲክ የሆነ ርካሽ ብዕር በዚህ አማራጭ ላይ የሚጨምረው ነገር ትንሽ ነው። ስክሪኑ ላስቲኩን እንደ ጣት ነው የሚያነበው። ጣት ላብ ለሚያስቸግረው ሰው ይጠቅም ይሆናል፤ ከዚያ ያለፈ ተስፋ ግን ሊጣልበት አይገባም።

ከዚሁ ሳይርቅ ብዙ ሰው የማያስበው አንድ መንገድ አለ፤ እርሱም ያገለገለ የሳምሰንግ ጋላክሲ ኖት ስልክ ነው። በውስጡ የሚገባው ኤስ ፔን ግፊት ያነባል። በኋለኞቹ ሞዴሎች ብዕሩ ውስጥ ያለው ባትሪ ለርቀት ማዘዣ የሚያገለግል እንጂ ለመሳል አስፈላጊ ባለመሆኑ፣ ባትሪው ቢሞትም ብዕሩ ይስላል። የስክሪኑ ጥበት ያስጨንቃል፤ ነገር ግን በታክሲ ወረፋ ላይ ሊወጣ የሚችል ግፊት የሚያነብ የሥዕል ደብተር በዚህ ዋጋ ሌላ የለም። እ.ኤ.አ. ከ2022ቱ ኤስ22 አልትራ ጀምሮ ብዕሩ በአልትራ ስልኮች ውስጥ ቀጥሏል፤ እነርሱ ግን ለዚህ ዓላማ ብቻ የሚገዙ አይደሉም።

### ስክሪን የሌለው ሰሌዳ ከኮምፒውተር ጋር

ቤቱ ላፕቶፕ ወይም ዴስክቶፕ ላለው ሰው በዋጋና በብዕር ጥራት መካከል ያለው የተሻለ ሚዛን እዚህ ይገኛል። የዋኮም ትንሹ ሰሌዳ የመሳያ ቦታው 15 በ9 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ የሁዮን ኤች640ፒ 16 በ10 ሴንቲ ሜትር ሆኖ 8192 የግፊት ደረጃ ይቆጥራል። ሁለቱም በውጭ ገበያ ከታብሌት ዋጋ ክፋይ ይሸጣሉ። ብዕራቸው ባትሪ አይፈልግም፤ ስክሪን ስለሌላቸውም የሚሰበር ነገር ጥቂት ነው፤ በዕድሜ ብዙ የሚያረጁ ዕቃዎችም አይደሉም።

መጠኑን በተመለከተ ትልቅ ሁልጊዜ የተሻለ አይደለም። ትንሹ ሰሌዳ በእጅ አንጓ ለሚስልና ጠረጴዛው ለጠበበ ሰው ይስማማል። በክንዱ ሙሉ የሚስል፣ በወረቀትም ትልልቅ መስመር የለመደ ሰው ወደ 25 በ15 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋውን መካከለኛ መጠን ቢመርጥ ያተርፋል። ኮምፒውተሩ ሰፊ ሞኒተር ካለው ትንሹ ሰሌዳ ላይ የሚደረግ ጥቂት እንቅስቃሴ በስክሪኑ ላይ ትልቅ ርቀት ስለሚሆን እጁ ያልተረጋጋ ሰው ይቸገራል።

ሁለት ቅድመ ጥንቃቄዎች አሉ። አንደኛው፣ ሰሌዳው ግፊት የሚያነበው ድራይቨሩ፣ ማለትም ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም፣ ከኩባንያው ገጽ ወርዶ ሲጫን ነው፤ ያለ ድራይቨር ሰክተው «ግፊት አይሠራም» ብለው የሚመልሱ ብዙዎች ናቸው። ሁለተኛው፣ ብዙ የሁዮንና የኤክስፒ ፔን ሰሌዳዎች የዩኤስቢ ዕቃን በስልክ ላይ በሚያሰካው በኦቲጂ ማገናኛ ከአንድሮይድ ስልክ ጋርም ይሠራሉ፤ ነገር ግን ስልኩ ቆሞ ሲያዝ የሚያገለግለው የሰሌዳው ከፊል ብቻ ሊሆን ይችላል፣ ከአይፎን ጋር ደግሞ በአብዛኛው አይሠሩም።

በዚህ አማራጭ ላይ ትልቁ ጥቅም ሶፍትዌሩ ነው። ክሪታ የተባለው ፕሮግራም ነጻ ነው፤ ለሙከራ ሳይሆን ሙሉ በሙሉ ነጻ። ለሠዓሊ ተብሎ የተሠራ በመሆኑ ብሩሾቹ የበለጸጉ ናቸው፣ ለሕትመት የሚውለውን የሲኤምዋይኬ ቀለም አሠራር ያውቃል፣ በዊንዶውስ፣ በሊኑክስና በማክ ይሠራል፣ ከወረደ በኋላ ኢንተርኔት አይፈልግም። መብራት ለሚጠፋበት ዴስክቶፕ ተጠቃሚ ክሪታ ሥራውን በራሱ የሚያስቀምጥበትን የጊዜ ልዩነት ወደ ጥቂት ደቂቃ ማሳጠር ይቻላል፤ ይህን ፕሮግራሙ በተጫነበት ቀን ማድረግ ይገባል። ፎቶሾፕ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ወደ ወርኃዊ ክፍያ የዞረ በመሆኑና ከሥዕል ይልቅ ለፎቶ ሥራ የሚያይል በመሆኑ፣ ለትርፍ ጊዜ ሠዓሊ አያስፈልገውም። የሥዕል ታሪክ፣ ማለትም ኮሚክ መሥራት የሚፈልግ ሰው ክሊፕ ስቱዲዮ ፔይንትን ቢያይ ያዋጣዋል፤ በኮምፒውተር ላይ አንዴ ተከፍሎ የሚገዛ ፈቃድ አለው፣ በታብሌት ላይ ግን በየጊዜው ያስከፍላል።

### ባለ ስክሪን ሰሌዳ ከኮምፒውተር ጋር

ይህ በሥዕሉ ላይ ቀጥታ የሚሣልበት፣ ግን የራሱ አእምሮ የሌለው ስክሪን ነው። ዓይንና እጅ አንድ ቦታ ያርፋሉ፤ የኮምፒውተሩ ሙሉ አቅምና ክሪታን የመሰሉ ፕሮግራሞችም ይገኛሉ። ለሙያተኛ ተገቢ ዕቃ ነው። ለጀማሪ ግን ከሁሉም አማራጮች ጣጣው የሚበዛው ይህኛው ነው፤ ኮምፒውተር ይፈልጋል፣ የምስል ገመድ ይፈልጋል፣ ብዙ ጊዜ ሶኬት ይፈልጋል፣ ጠረጴዛም ይይዛል። 13 ኢንች የሚሆኑት ርካሾቹ ሞዴሎች ላይ በብዕሩ ጫፍና በሚታየው መስመር መካከል የመስታወቱን ውፍረት ያህል ክፍተት ሊኖር ስለሚችል፣ «መስታወቱ ከስክሪኑ ጋር የተጣበቀ» የሆነውን መምረጥ ያስፈልጋል። ላፕቶፑ ምስል የሚያወጣ ዓይነት ሲ መሰኪያ ወይም ኤችዲኤምአይ ያለው መሆኑም አስቀድሞ ይረጋገጥ። መብራት ከጠፋ ላፕቶፑ በባትሪው ቢቀጥልም ስክሪኑ ይጠፋ ይሆናል። እንደ መጀመሪያ ግዢ አልመክረውም።

### አይፓድ

በአይፓድ ላይ ከብዕር እስከ ፕሮግራም ያለው ነገር ሁሉ የተስማማ ነው፤ ከቦርሳ ወጥቶ ሽፋኑ ተገልጦ መስመር እስኪጀመር ያለው ጊዜ ሰከንዶች ነው። ፕሮክሪኤት የሚባለው የአውስትራሊያ ፕሮግራም የሚገኘውም በአይፓድ ብቻ ሲሆን፣ 12.99 ዶላር አንዴ ተከፍሎ ወርኃዊ ክፍያ የለበትም። ሥራው ሌየሩን እንደያዘ በፒኤስዲ፣ ማለትም በፎቶሾፕ የፋይል ዓይነት፣ ስለሚወጣ በኋላ ወደ ኮምፒውተር ማዛወር ይቻላል።

ገዢ የሚታለልበት ግን ብዕሩ ላይ ነው። የአፕል ብዕር አንድ ዕቃ ሳይሆን እርስ በርስ የማይተካኩ አራት ዕቃዎች ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የመጀመሪያው ትውልድ፣ የ2018ቱ ሁለተኛ ትውልድ፣ የ2023ቱ ባለ ዓይነት ሲ እና የ2024ቱ ፕሮ። ከእነዚህ ውስጥ ባለ ዓይነት ሲው ማዘንበልን ቢያውቅም ግፊት አያነብም፤ ዋጋው ዝቅ ያለ በመሆኑና ስሙም «የአፕል ብዕር» በመሆኑ ለሥዕል ብለው የሚገዙት ብዙዎች ናቸው። ከአፕል ውጭ በሆኑ አምራቾች የተሠሩ ርካሽ «የአይፓድ ብዕሮች»ም በአብዛኛው እንዲሁ ግፊት አያነቡም፤ ለማስታወሻ መጻፊያ እንጂ ለሥዕል አይሆኑም።

የትኛው አይፓድ ከየትኛው ብዕር ጋር ይሄዳል የሚለውን ያገለገለ ዕቃ የሚገዛ ሰው በቃሉ መያዝ አለበት። ተራው አይፓድ የአፕል ብዕርን መቀበል የጀመረው ከ6ኛው ትውልድ ማለትም ከ2018 ነው፤ 5ኛውና ከዚያ በፊት ያሉት አይቀበሉም፣ አይፓድ ኤር 2ም አይቀበልም። ከ6ኛ እስከ 9ኛ ትውልድ የሚሠራው የመጀመሪያው ትውልድ ብዕር ነው። የ2022ቱ 10ኛ ትውልድም ያንኑ ብዕር ይቀበላል፣ ግን መሰኪያው ስለተለወጠ ትንሽ ማገናኛ ይፈልጋል። ሁለተኛው ትውልድ ብዕር ከተራ አይፓድ ጋር አይሠራም፤ ለአይፓድ ኤር 4ኛና 5ኛ፣ ለሚኒ 6ኛ እና ከ2018 እስከ 2022 ለወጡት ፕሮዎች ነው።

የመጀመሪያው ትውልድ ብዕር በ15 ሰከንድ ቻርጅ ለግማሽ ሰዓት ያህል ይሠራል፤ ይህ ጥሩ ነው። ነገር ግን ባትሪው ፈጽሞ አልቆ ለወራት ከተቀመጠ ሊሞት ይችላል፤ ባትሪውም በቀላሉ አይቀየርም። ስለዚህ ብዕሩን ለብቻው በሁለተኛ እጅ የሚገዛ ሰው በራሱ አይፓድ ላይ ሳይሞክር ገንዘብ መክፈል የለበትም።

### ብዕር ያለው የሳምሰንግ ታብሌት

እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ጋላክሲ ታብ ኤስ6 ላይት ለዚህ ጽሑፍ አንባቢ አብዝቶ የሚስማማ ራሱን የቻለ ታብሌት ነው ብዬ አምናለሁ። ስክሪኑ 10.4 ኢንች ነው፤ ኤስ ፔኑ በካርቶኑ ውስጥ አብሮ ይመጣል፣ ግፊት ያነባል፣ ቻርጅ አያስፈልገውም። ብዕሩ ቢጠፋ በተመሳሳዩ የዋኮም ዘዴ የሚሠሩ የሌሎች አምራቾች ብዕሮችም ያገለግሉታል፤ ለምሳሌ ስቴትለር እርሳስ የመሰለ አንድ ሠርቷል። ድክመቱ አቅሙ ነው። በ4 ጂቢ ራም ላይ ሰፊ ሸራና ብዙ ሌየር ሲደረብ ብሩሹ ከእጅ ኋላ ይቀራል፤ ለኤ4 በጥቂት ሌየር ይበቃል፣ ለፖስተር አይበቃም። ክሪታ የአንድሮይድ ታብሌት ዝግጅት አለው፤ በዚህ ዓይነት ታብሌት ላይ ግን አይቢስ ፔይንት ቀለል ብሎ ይሄዳል። ዋናዎቹ የታብ ኤስ ሞዴሎች አቅሙን ይጨምራሉ፣ ዋጋውንም ወደ አይፓድ ያደርሱታል።

እዚህ ላይ ሊጠነቀቁት የሚገባው የስም መመሳሰል ነው። በ«ታብ ኤ» ስም የሚሸጡት አብዛኞቹ ርካሽ የሳምሰንግ ታብሌቶች ኤስ ፔን አይቀበሉም። ብራንድ የሌላቸው 10 ኢንች ታብሌቶች ከኪቦርድ፣ ከሽፋንና ከብዕር ጋር በአንድ ካርቶን ሲቀርቡ ዓይን ይስባሉ፤ ብዕራቸው ግን ያው ባለ ላስቲክ ብዕር ነው። በዚያ ገንዘብ ስክሪን የሌለው ሰሌዳ ይገኛል።

### የሚታጠፍ ባለ ብዕር ላፕቶፕ

ለትምህርት ወይም ለሥራ ላፕቶፕ ሊገዛ የተነሣ ሰው ብዕር የሚቀበለውን ቢመርጥ በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ይመታል። ለሥዕል ብሎ ብቻ መግዛት ግን አያዋጣም፤ ከባድ ነው፣ በእነዚህ ላፕቶፖች ብዕሮች ዘንድም ሰያፍ መስመር ቀስ ተብሎ ሲሳል የመሞገድ ጠባይ የታወቀ ነው።

## ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| አማራጭ | ግፊት ያነባል? | ኮምፒውተር ይፈልጋል? | መብራት ሲጠፋ | ለመጀመር ያለው ጣጣ | የዋጋ ደረጃ |
|---|---|---|---|---|---|
| ስልክና ጣት | የለም | የለም | ይሠራል | ምንም | ወጪ የለውም |
| ያገለገለ ጋላክሲ ኖት | አዎ | የለም | ይሠራል | ምንም | ዝቅተኛ |
| ስክሪን የሌለው ሰሌዳ | አዎ | አዎ | በላፕቶፕ ይሠራል | መካከለኛ | ዝቅተኛ |
| ባለ ስክሪን ሰሌዳ | አዎ | አዎ | ብዙ ጊዜ ይቆማል | ከፍተኛ | ከመካከለኛ በላይ |
| ታብ ኤስ6 ላይት | አዎ | የለም | ይሠራል | ጥቂት | መካከለኛ |
| አይፓድ | በብዕሩ ዓይነት ይወሰናል | የለም | ይሠራል | ጥቂት | ከፍተኛ |
| ብራንድ የሌለው «ባለ ብዕር» ታብሌት | የለም | የለም | ይሠራል | ጥቂት | ዝቅተኛ፣ ግን አያዋጣም |
| የሚታጠፍ ላፕቶፕ | በሞዴሉ ይወሰናል | ራሱ ነው | ይሠራል | መካከለኛ | ከፍተኛ |

## ለማን የትኛው?

ፍላጎቱ ጸንቶ የሚቆይ መሆኑን ገና ያላወቀ ሰው ምንም አይግዛ። ስልኩ ላይ አይቢስ ፔይንት ጭኖ ለአንድ ወር ያህል በጣቱ ቢስል፣ መሣሪያ ከመግዛቱ በፊት ሌየርን፣ ቀለም መምረጥንና መቀልበስን ይለምዳል፤ ጣቱ የት ላይ እንዳስቸገረውም ስለሚያውቅ በኋላ የሚገዛውን በተሻለ ይመርጣል።

ላፕቶፕ ያለውና በጀቱ የጠበበ ሰው ስክሪን የሌለውን ሰሌዳ ከክሪታ ጋር ይያዝ። በዚህ መንገድ የሚጠፋው ገንዘብ አነስተኛ ሲሆን ለኤ3 ሕትመትም ይደርሳል። ሥዕሉን ሊያሳትም የሚያስብ ሰው የስክሪን ደማቅ ሰማያዊና አረንጓዴ በወረቀት ላይ እንደሚደበዝዝ አውቆ፣ ሥራው ሳያልቅ በሲኤምዋይኬ እየተመለከተ ቢሠራ ማተሚያ ቤት ደርሶ አይደነግጥም።

ኮምፒውተር የሌለው ወይም ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ፊት ውሎ ማታ ዳግም መቀመጥ የማይፈልግ ሰው ኤስ6 ላይትን ይመልከት። ገንዘቡ የሚፈቅድለትና ለፕሮክሪኤት የሚከፍልበት መንገድ ያለው ደግሞ አይፓድን፤ አዲስ ርካሽ አይፓድ ከባለ ዓይነት ሲ ብዕር ጋር ከመግዛት ያገለገለ 9ኛ ትውልድ ከመጀመሪያው ትውልድ ብዕር ጋር መግዛት ለሥዕል ይበልጣል። ዕቃውን ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ የሚያመጣ ዘመድ ካለ «አይፓድና ብዕሩን» ብሎ ማዘዝ አይበቃም፤ የአይፓዱን ትውልድና የብዕሩን ትውልድ ጽፎ መላክ ይገባል፣ ተሳስቶ የመጣ ብዕር ውቅያኖስ ተሻግሮ አይመለስምና።

መሣሪያው ለልጅ የሚገዛ ከሆነ ባትሪ የሌለው ብዕር ያለው ይመረጥ፤ የልጅ ብዕር ይጠፋል፣ ይወድቃል፣ ሳይሞላም ይረሳል።

ሊሠራ የታሰበው የሥዕል ዓይነትም ምርጫውን ይለውጠዋል። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል መንገድ፣ ማለትም በጥቁር ድንበር መስመርና በተነጠፈ ቀለም መሥራት የሚፈልግ ሰው ከግፊት ደረጃ ይልቅ የሚጠቅመው መስመር ማረጋጊያና የሌየር ሥርዓት ነው። ድንበሩ በላይኛው ሌየር ቀለሙ ከሥሩ ሆኖ ሲሠራ አንዱን ሳያበላሹ ሌላውን መለወጥ ይቻላል፤ ለዚህ ዓይነት ሥራ ጋላክሲ ኖት እንኳ ይበቃል። የዘይት ቀለምን ወይም የከሰልን ለስላሳ ሽግግር ለሚወድ ሰው ግን ገና ሲነካ የሚነቃ ብዕር የግድ ነው፤ እዚህ ላይ መቆጠብ አያዋጣም።

## ያገለገለ ዕቃ ሲገዛ የሚደረግ ፍተሻ

መገናኛና ቦሌ ባሉ የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ወይም በቴሌግራም የሚሸጥ ያገለገለ ታብሌት ሲታይ፣ አይፓድ ከሆነ ሻጩ ከአካውንቱ ወጥቶ በዕቃው ውስጥ ያለውን ሁሉ በዓይን ፊት ደምስሶ እንደ አዲስ እንዲያስነሣው ይጠየቅ፤ ሲነሣ የቀድሞ ባለቤቱን የይለፍ ቃል የሚጠይቅ አይፓድ ከመስታወት አይለይም። ቀጥሎ ማንኛውም የሥዕል ፕሮግራም ተከፍቶ በቀጭን ብሩሽ ከአንድ ጥግ እስከ ሌላው ጥግ ሰያፍ መስመሮች ቀስ ተብለው ይሳሉ፤ መስመሩ የሚቆረጥበት ወይም የሚንቀጠቀጥበት ቦታ ካለ የስክሪኑ ብዕር አንባቢ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። ከዚያ መዳፉ ራሱ መስመር እንደማያወጣ ለማየት መዳፍን ስክሪኑ ላይ አሳርፎ መሳል፣ በመጨረሻም ብዕሩን ከላባ ባልከበደ ንክኪ ጀምሮ እየተጫኑ አንድ ረጅም መስመር መጎተት ያስፈልጋል። መስመሩ ከሐር ክር ሳስቶ ተነሥቶ ካልወፈረ ዋጋው ምንም ያህል ቢቀነስ ዕቃው ለሥዕል አይሆንም።